አናናስ የሌለው የአናናስ ኬክ

ከታይዋን የተመለሰ ሰው ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ተለቅ ያለ፣ አንድ በአንድ በወረቀት የተጠቀለለ የአናናስ ኬክ። በአየር ማረፊያው ሱቆች ተደርድሮ ይሸጣል፣ መሥሪያ ቤቶች ለእንግዳ ይሰጡታል፣ ከዕረፍት የተመለሰ ሠራተኛ ለባልደረቦቹ ያከፋፍለዋል። ስሙ ፈንግሊ ሱ ነው። ፈንግሊ አናናስ፣ ሱ ደግሞ አፍ ውስጥ ፍርፍር የሚል ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚህ ኬክ ሆድ ውስጥ የነበረው በአብዛኛው አናናስ አልነበረም። ዱባ ነበር።

ዛሬ ታይፔ ውስጥ ኬክ ቤት ብትገቡ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ ዝም ብሎ “የአናናስ ኬክ” ይባላል፤ ዱባ አለው። ሌላው “የአገሬው አናናስ ኬክ” ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ አናናስ ነው፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። እንግዳው ሁለተኛውን “እውነተኛው ይሄ ነው” ብሎ ይገዛል። ዕድሜያቸውን ብትጠይቁ ግን መልሱ ይገለበጣል። አሮጌው ዱባ ያለው ነው። ንጹሑ ገበያውን የያዘው በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ወደ ታይፔ የመጣሁት ለማስተርስ ነው፤ ከዚያ በሶፍትዌር ሥራ ቀረሁ። የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ሥራዬ ግን አንድ ልማድ አስተምሮኛል፦ አንድ የኮድ መስመር ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ካልገባህ፣ መቼ እንደተቀየረና በዚያ ሰሞን ምን እንደሆነ ወደ ኋላ ሄደህ ታያለህ። “ይሄ ሞኝነት ነው” ብለህ ከመሰረዝህ በፊት ማለት ነው። የደሴቲቱን ኬኮች በዚህ ዓይን ማየት ስጀምር፣ ቅዳሜና እሁድ በባቡር እየተጓዝኩ ከተማ ለከተማ መቅመስ ሥራዬ ሆነ። እያንዳንዱ ኬክ ውስጥ “ባህላዊ” የሚለው ቃል የሚደብቀው ዓመተ ምሕረት አለ። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ዓመታት ለመቁጠር የተደረገ ሙከራ ነው።

መጀመሪያ ስኳር ነበር

የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1624 በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ዛሬ ታይናን በምትባለው ከተማ አጠገብ ሲሰፍር፣ የፈለገው ከቻይናና ከጃፓን ጋር ለመነገድ የሚያመች ወደብ ነበር። በአካባቢው የሚኖረው የሲራያ ሕዝብ ነው። ኩባንያው መሬቱ ለሸንኮራ አገዳ እንደሚስማማ ሲያይ፣ ከባሕሩ ማዶ ከፉጂያን ቻይናውያን ገበሬዎች እንዲመጡ አድርጎ አገዳና ሩዝ አስተከለ። ስኳሩ ወደ ጃፓን፣ አልፎም እስከ ፋርስ ድረስ ተጫነ። ደቾቹ በ1662 በዠንግ ቸንግጎንግ ጦር ተሸንፈው ሲወጡ አገዳውና ገበሬዎቹ ቀሩ።

ይህን ሳነብ ወንጂ ትዝ አለኝ። ሌላ የደች ኩባንያ፣ ኤች ቪ ኤ፣ ኢንዶኔዥያ ከእጁ ስትወጣ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጥቶ በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ ዓመት አለ። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል፤ ኩባንያው ይመጣል፣ መሬቱ መልኩን ይለውጣል፣ ሠራተኛ ከሩቅ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቀስ እያለ የአገሩ ምላስ ጣፋጭ ይለምዳል።

ያ የለመደ ምላስ ምን ይበላ እንደነበር ለማየት ሉካንግ መሄድ ይሻላል። ሉካንግ በደሴቲቱ ምዕራብ ዳርቻ ያለች፣ ዛሬ ፀጥ ያለች ከተማ ናት። በ1784 የቺንግ መንግሥት ከፉጂያን ጋር በቀጥታ እንድትነግድ ፈቀደላት፤ ከዚያ በኋላ ሀብቷ ከታይናን ቀጥሎ ሁለተኛ ተባለ። እስከ ዛሬም ከተሞቹን በደረጃ የሚጠራ አባባል አለ፦ አንደኛ ታይናን፣ ሁለተኛ ሉካንግ፣ ሦስተኛ መንግጂያ (የዛሬዋ ታይፔ አሮጌ ሰፈር)። ነጋዴ ሲከብር እንግዳ ይቀበላል፣ እንግዳ ሲመጣ ሻይ ይቀርባል፣ ሻይ ብቻውን አይቀርብም። በ1877 እዚህ የተከፈተው ዩ ዠን ዣይ የተባለ ኬክ ቤት ዛሬም ይሠራል። ዋና ሥራው “የፊኒክስ ዐይን” የሚባል፣ ነጭ፣ መሃሉ ሰፋ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ትንሽ ጣፋጭ ነው።

የፊኒክስ ዐይን ወደ ምድጃ የሚገባ ኬክ አይደለም። የሚጣበቅ ዓይነት ሩዝ በስሎ ይፈጫል፣ ከስኳር ጋር ይታሻል፣ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይወጣል። እጃችሁ ላይ ጠንካራ ይመስላል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ሳታኝኩት ይጠፋል። ለእኛ ሰው እንዴት ልግለጸው? በጣም የላመ በሶ በዱቄት ስኳር አሽታችሁ ሳትበጠብጡት ብትጠቀጥቁት፣ ያ ነው። ቅቤ የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ስንዴ የለውም። የሩዝና የአገዳ አገር በራሱ ዕቃ ብቻ የሠራው ጣፋጭ እንዲህ ነበር። ጣዕሙ ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ስኳር ውድ በነበረበት ዘመን ስኳርን ራሱን እንደማክበር ነው። ሁለት ከበላችሁ በኋላ ግን ሻይ የግድ ነው።

ሁለት ምላሶች

ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሆኖም አንድ ስም የያዙ ሁለት ኬኮች ፈጽሞ የማይገናኙበት ጊዜ አለ። የበሬ ምላስ የሚባለው ብስኩት ዋናው ምሳሌ ነው። ስሙ ከቅርጹ የመጣ ነው፤ ሥጋ የለውም።

የሉካንጉ ምላስ ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ሲቆረስ ንብርብሩ የሚታይ፣ ውስጡ ጣፋጭ ያለበት ነው። ትኩሱን ስትበሉት ከንፈር ላይ ይጣበቃል። በተራሮቹ ማዶ፣ በሰሜን ምሥራቅ በዪላን የሚሠራው ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። መሃሉ ላይ በርዝመቱ በቢላ ይሰነጠቃል፤ እሳት ሲያገኘው እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፣ ሊጡ አይነፋም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል። ሲሰበር ይጮሃል። ያቺን ስንጥቅ ሳያት ደስ አለችኝ፤ ጌጥ ትመስላለች፣ ሥራዋ ግን የእንፋሎት መውጫ መሆን ነው።

የቱ ይበልጣል? እኔ የዪላኑን ነው የምመርጠው፣ ከቡና ጋር። የሉካንግ ሰው ፊት ግን ይህን አልናገርም። ዋናው ቁምነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ሊጣቸው ስንዴ ነው፤ ስንዴ ደግሞ በዚህች ሞቃትና እርጥብ ደሴት እንደ ሩዝ አይበዛም። የስንዴ ዱቄት የየቀኑ ነገር የሆነው በተለይ ከ1951 እስከ 1965 በዘለቀው የአሜሪካ እርዳታ ዘመን ነው፤ ስንዴ በመርከብ እየመጣ፣ ሕዝቡም ዱቄት እንዲለምድ እየተቀሰቀሰ። ከዚያ በፊት የስንዴ ኬክ የሠርግና የበዓል ነገር ነበር።

ከአገዳው የሚበልጥ ቂል

ከደቾቹ ዘመን ጀምሮ አገዳ የሚጨመቀው በሬ በሚያዞረው የድንጋይ መጭመቂያ ነበር። ጃፓን በ1895 በሺሞኖሴኪ ውል ደሴቲቱን ስትረከብ ይህ ተቀየረ። የታይዋን ስኳር ኩባንያ በ1900 ተቋቋመ። በእንግሊዝኛ ስለ ቡሺዶ በጻፈው መጽሐፍ የሚታወቀው ኒቶቤ ኢናዞ በ1901 ስለ ስኳር ምርት ማሻሻል ለቅኝ ገዢው መንግሥት ሪፖርት አቀረበ። በደቡብ በኩል በቺያውቶው የመጀመሪያው ዘመናዊ ፋብሪካ በ1902 መፍጨት ጀመረ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የደሴቲቱ ዓመታዊ ምርት ከ1.4 ሚሊዮን ቶን በላይ ደረሰ።

ነጩና ርካሹ ስኳር ኬክ ጋጋሪውን ነፃ አወጣው፤ ገበሬውን ግን አሰረው። አገሩ በክልል ተከፋፍሎ፣ በአንድ ክልል ያለ ገበሬ አገዳውን መሸጥ የሚችለው ለክልሉ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ዋጋ የሚቆርጠው ኩባንያው ነው፤ ሚዛኑም የኩባንያው ነው። ታይዋናውያን ዛሬም የሚያስታውሱት አባባል ከዚያ ዘመን የወጣ ነው፦ “የቂሎች አንደኛ፣ አገዳ ተክሎ በኩባንያው ሚዛን የሚያስመዝን።”

በ1925 በኧርሊን አካባቢ የአገዳ ገበሬዎች ዶክተር ሊ ዪንግዣንግ በሚባል ሐኪም መሪነት ማኅበር መሠረቱ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ዋጋው ይነገረን። በጥቅምት ኩባንያው ዋጋ ሳይናገር ቆራጮችን ከፖሊስ ጋር ላከ፤ ግጭት ተነሳ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ዶክተሩም ተፈረደበት። ይህ በታይዋን የገበሬዎች እንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህን ታሪክ እዚህ ያስገባሁት ለጌጥ አይደለም። ኬክ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የድሮ ፎቶ ሁልጊዜ የጋጋሪው ነው፤ ነጭ ሽርጥ፣ የእንጨት ቅርጽ፣ ፈገግታ። አገዳ ቆራጩ እዚያ የለም። የቺያውቶው ፋብሪካ በ1999 ቆሞ ሙዚየም ሆኗል፤ ጎብኚው እዚያ አይስክሬም ይበላል። ጣፋጭ ነገር ያለፈውን ቶሎ ያስረሳል።

ሞራው

አሁን ወደ እኔና ወደ ብዙዎቻችሁ ችግር እንምጣ።

የታይዋን ጋጋሪዎች ጥበብ ያለው ንብርብሩ ላይ ነው። ሁለት ሊጥ ይሠራሉ። አንዱ ዱቄት፣ ውሃና ስብ ያለው፣ የሚለጠጥ። ሌላው ዱቄትና ስብ ብቻ፣ የማይለጠጥ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ የሚፈርስ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይጠቀልለዋል፤ ይዳመጣል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይዳመጣል። እሳት ላይ የመጀመሪያው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይገፋል፣ የሁለተኛው ስብ ንብርብሮቹ መልሰው እንዳይጣበቁ ይለያያቸዋል። ሚልፎይ የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል፤ የታይዋኑ ግን ቅጠሉ ይበልጥ ስስና ለስላሳ ነው። ይህን ልስላሴ የሚሰጠው በባህሉ አንድ ነገር ነው፤ የቀለጠ የአሳማ ሞራ። በክፍል ሙቀት እንደ ቅባት ለስልሶ ይቀመጣል፣ እንደ ቅቤ ውሃ የለበትም፣ ዱቄቱን ይሸፍነዋል። በምሕንድስና ቋንቋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ግን፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ ይሄ በር ዝግ ነው። በታይፔ ያለን ሐበሾች ጥቂት ነን፤ አብዛኞቹ በስኮላርሺፕ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። አዲስ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የምናስተምረው ቃል “ዡ ዮው” ነው፤ የአሳማ ሞራ። ኬክ ቤት ገብቶ “ዡ ዮው አለው?” ማለት ከቻለ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የመኸር አጋማሽ በዓላቸው ብዙ ጊዜ በእኛ እንቁጣጣሽና መስቀል ሰሞን ይውላል። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ የኬክ ካርቶን ይሰጣል፤ በካርቶኑ ውስጥ ካሉት አንዱ “ሉዶው ፐንግ” ነው። ከተፈተገ ማሾ የተሠራ፣ ነጭ፣ እንደ ትንሽ ጉብታ የተነፋ፣ አናቱ ላይ ቀይ ማኅተም ያለበት። በማዕከላዊ ታይዋን በፈንግዩዋን ከተማ ይህ ዓይነቱ ኬክ የከተማው ኩራት ነው። በባህላዊው አሠራር ከጣፋጩ ማሾ መሃል በሽንኩርት የተጠበሰ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ አለ። ጣፋጭና ጨው በአንድ ጉርሻ ማለት ነው።

እንዴት ቀመስከው ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ከቡድሂስቶቹ ጾም መጣ። ታይዋን ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው የጾም ምልክት አምስት ዓይነት ነው፤ ፍጹም የዕፅዋት፣ ወተት ያለው፣ እንቁላል ያለው፣ ሁለቱም ያለው፣ እና ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትን የመሰለ ሽታ ያለው። ይህ የመጨረሻው ለኛ እንግዳ ነው። ለእነሱ ጥብቅ ጾመኛ ቅቤ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ነጭ ሽንኩርት ግን ችግር ነው። ለእኛ ተቃራኒው። ረቡዕና ዓርብ “ፍጹም የዕፅዋት” የሚለውን ፈልጌ እገዛለሁ፤ በሌላው ቀን ወተት ያለው ይሆነኛል። የሁለት ሃይማኖት ጾመኞች አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመን የተለያየ መስመር እናነባለን።

ሥጋ የሌለው፣ በአትክልት ዘይት የተሠራው ሉዶው ፐንግ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ማሾው እንደ ደረቀ ሽሮ ደቅቆ፣ ሽታው ንጹሕ ሆኖ። ቅጠሉ ግን ይደርቃል። ሞራውን የሚያውቁ ሰዎች “የጎደለው አለ” ሲሉ እውነታቸውን ነው። በሌላ በኩል ዳጂያ የምትባለውን ከተማ ተመልከቱ። ከዚያ በየዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠር በሦስተኛው ወር፣ ማዙ የተባለችውን የባሕር አምላክ ታቦት ተከትሎ ሕዝብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ይጓዛል፤ ዘጠኝ ቀን ስምንት ሌሊት። የዳጂያ መታወቂያ ኬክ በሞራ ፈንታ በቅቤ የሚሠራ፣ ሰፊና ክብ ኬክ ነው፤ ከሥጋ የተከለከለ መንገደኛም ይበላዋል። እዚያ ቅቤው እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የከተማው ባህል ራሱ ሆኗል። ማለትም ሞራውን ቀይሮ ባህል መሆን ይቻላል፣ የቀየረበት ምክንያት የሕዝቡ ከሆነ።

በነፃነት መንገድ ላይ የተሸፈነ አበባ

ታይቹንግ ከተማ ዚዮው ሉ፣ “የነፃነት መንገድ”፣ የሚባል ጎዳና አለ። በዚያ ጎዳና ግራና ቀኝ የፀሐይ ኬክ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ከሩቅ ስታዩት ስማቸው ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው።

የፀሐይ ኬክ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ቅጠሉ በትንፋሽ የሚበን ነው። ውስጡ የብቅል ስኳር አለ። ይሄኛውን እኛ በቀላሉ እንረዳዋለን፤ እህል ይበቅላል፣ ብቅሉ ከበሰለ ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ይቀላቀላል፣ ብቅሉ የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ ፈሳሹ ተጣርቶ እስኪወፍር ይንተከተካል። ጠላ ስንጠምቅ የመጀመሪያው ግማሽ ሥራ ይኸው ነው። እኛ ወደ መጠጥ እንቀጥላለን፣ እነሱ እዚያ ላይ ቆመው ማር የመሰለ ነገር ያወጣሉ። ጣፋጭነቱ ከአገዳ ስኳር ለዘብ ይላል፤ ጥርስ አይነድፍም፣ ትንሽ የተቆላ እህል ይሸታል። አንዳንዶች ኬኩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው ፈላ ውሃ ያፈሱበትና እንደ አጥሚት ይጠጡታል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እንዲህ ሆኖ ነው።

ኬኩ የተወለደው በአቅራቢያው ባለው የሸንጋንግ ሰፈር ሲሠራ ከነበረው የብቅል ኬክ ነው። በ1950ዎቹ ሊን ሻውሶንግ የተባለ ሰው ታይያንግ ታንግ የሚል ቤት ታይቹንግ ላይ ከፈተ፤ ዌይ ቺንግሃይ የተባለ ጋጋሪ እጁን አስገባበት፤ “የፀሐይ ኬክ” የሚለው ስም ወጣ። ስሙን ግን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበ የለም። ስለዚህ ማንም ጋጋሪ መሥራትና በዚያ ስም መሸጥ ቻለ። በእኛ ሙያ ይህ ክፍት ኮድ ይባላል፤ አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ገለበጠው፣ ሦስተኛው አሻሻለው፣ አራተኛው አበላሸው። በአንድ ጎዳና ላይ አምስት ቤት ብትቀምሱ አምስት ቅጂ ታገኛላችሁ፤ ቅቤ ያለው፣ ማር ያለው፣ ብቅሉ የበዛ፣ ቅጠሉ የወፈረ። “ዋናው የቱ ነው?” ብሎ መጠየቅ ሻጮቹን ያስቃቸዋል። ሁሉም “እኔ ነኝ” ይላሉ።

የመጀመሪያው ቤት ግድግዳ ላይ ግን ሊገለበጥ የማይችል ነገር ነበር። በቶኪዮና በፓሪስ የተማረው ሠዓሊ ያን ሽዊሎንግ በ1960ዎቹ ትልቅ የሱፍ አበባ ምስል በትንንሽ ድንጋይና ሸክላ ለጥፎ ሠራበት። ለፀሐይ ኬክ የሱፍ አበባ፣ ምን ይላል? ግን ያ ዘመን የማርሻል ሕግ ዘመን ነው፤ በ1949 ታውጆ እስከ 1987 የዘለቀው። በባሕሩ ማዶ በቻይና ማዖ ፀሐይ፣ ሕዝቡ ደግሞ ወደ ፀሐይ የሚዞር የሱፍ አበባ ተብሎ ይሳል ነበር። ስለዚህ የኬክ ቤቱ አበባ ተጠርጣሪ ሆነ። ምስሉ በእንጨት ተሸፍኖ ለረጅም ዓመታት ኖረ። በነፃነት መንገድ ላይ።

ደንበኞች በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእንጨቱ ፊት ቆመው ኬክ ገዝተው ሄደዋል። ባለቤቶቹ ቤቱን በ2012 ዘጉ፤ ኬኩ ግን አልተዘጋም፣ ምክንያቱም የማንም አልነበረም።

ከቆርቆሮ ወደ ኬክ

እንግዲህ ወደ ዱባው እንመለስ።

አናናስ ወደ ታይዋን የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በደሴቲቱ ሆክዬን ቋንቋ “ኦንግ ላይ” ይባላል፤ ድምፁ “ብልጽግና ይምጣ” ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል መሠዊያ ላይ ይቀመጣል፣ ሱቅ ሲከፈት ይሰጣል። በ1902 ኦካዛኪ የተባለ ጃፓናዊ በደቡብ በፈንግሻን አናናስ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1920ዎቹ ለቆርቆሮ የሚመች ዝርያ ከሃዋይ መጣ፤ ፍሬው ትልቅና ቅርጹ እኩል፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ ሥጋው ጭረት የበዛበት። በ1935 ፋብሪካዎቹ ተጠቃለው በአንድ ኩባንያ ሥር ገቡ፤ ታይዋንም በቆርቆሮ አናናስ ከሃዋይና ከማላያ ቀጥላ ተሰለፈች። ከጦርነቱ በኋላም በ1960ዎቹ ከዓለም ዋና ላኪዎች አንዷ ነበረች።

በሌላ በኩል በሠርግ ወግ የወንዱ ወገን ለሙሽራዋ ቤተሰብ ትልልቅ ክብ ኬክ ያቀርባል፤ ቤተሰቧ ለዘመድ ያከፋፍለዋል፣ ኬኩ የጋብቻው ማስታወቂያ ነው። ሙሽራዋ ራሷ ከዚያ አትቀምስም፤ ዕድሏን ትበላዋለች ይባላል። ሥጋ ያለው “የዘንዶ ኬክ”፣ አናናስ ያለው “የፊኒክስ ኬክ” ነው። ይህን ትልቁን የአናናስ ኬክ አሳንሶ የእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ አድርጎ የሠራው የታይቹንጉ ጋጋሪ ያን ፒንግ ነው ይባላል። ኋላ ሞራው በቅቤና በወተት ዱቄት ተተክቶ፣ ቅርፊቱ ንብርብሩን ትቶ እንደ ምዕራባውያን ኩኪስ ፍርፍር የሚል ሆነ።

ዱባው እዚህ ጋ ይገባል። የሃዋዩ ዝርያ ተቀቅሎ ሲወፍር ጭረቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ኮምጣጣነቱም ይበረታል። “ዶንግጓ”፣ የክረምት ዱባ የሚሉት፣ በሌላ በኩል ርካሽ ነው፤ የራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፤ በስኳር ሲበስል ብርሃን የሚያሳልፍ ልስልስ ያለ ነገር ይሆናል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዱባው አናናሱን ያለሰልሰዋል፣ አናናሱ ለዱባው ሽታ ይሰጠዋል። ለኬክ ጋጋሪው ይህ ጥሩ መፍትሔ ነበር፤ ማታለል አልነበረም።

ከዚያ የቆርቆሮው ገበያ ወደቀ። የሠራተኛ ደመወዝ አደገ፣ ታይላንድና ፊሊፒንስ በርካሽ ገቡ። ገበሬዎቹ ለትኩስ ፍሬ የሚሆኑ ጣፋጭ ዝርያዎችን ያዙ። ኮምጣጣው የሃዋይ ልጅ በየኮረብታው ፈላጊ አጣ። በ2009 በናንቶው አውራጃ በባግዋ ኮረብታ “ሰኒ ሂልስ” የተባለ ኩባንያ ይህንኑ ኮምጣጣ አናናስ ያለ ዱባ ኬክ ውስጥ አስገባ። ለጎብኚ አንድ ሙሉ ኬክ ከሻይ ጋር በነፃ ያቀርባል፤ ሰው ይሰለፋል። በ2013 ቶኪዮ ውስጥ አርክቴክት ኬንጎ ኩማ በነደፈው ቤት ሱቅ ከፈተ። ሌሎች ተከተሉት። አብሮም አዲሱ ስም ተስፋፋ፦ “የአገሬው አናናስ”። ከሃዋይ የመጣ፣ ጃፓኖች ለፋብሪካቸው የተከሉት ዝርያ፣ ዘጠና ዓመት ሳይሞላው የአገሬው ሆነ።

ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ አድርጌ ደጋግሜ ቀምሻለሁ። የአገሬው የሚባለው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ምራቅ ያመጣል፣ ጭረቱ ይታኘካል፣ ቅቤው ካልበዛ ይከብዳል። ፍሬ እንደበላችሁ ይሰማችኋል። ዱባ ያለው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ አናናሱ እንደ ሽታ ብቻ። ከመራራ ሻይ ጋር የሚሄደው እሱ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የሂሳብ ክፍል ባልደረባ አሉ። ሁለቱን ሳቀርብላቸው ዱባ ያለውን አንስተው “ልጄ፣ እኛ ልጅ ሆነን ዱባ እንዳለው አናውቅም ነበር። የአናናስ ኬክ ጣዕም ማለት ይሄ ነበር፤ አሁን ውሸት ነው ይሉናል” አሉኝ። ሌላውን በወረቀቱ መልሰው ለልጅ ልጃቸው ያዙ።

እሳቸውን ያሳዘናቸው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ትውልድ ያደገበትን ጣዕም ሌላው ትውልድ በአንድ ተለጣፊ ወረቀት “እውነተኛ ያልሆነ” ሲያደርገው፣ የሚሰረዘው የምግብ አሠራር ብቻ አይደለም። በዚያ ኬክ ልጅነታቸውን ያሳለፉ ሰዎችም ትዝታ ይሰረዛል። በተለይ ራሷ “እውነተኛ አገር ነሽ ወይስ አይደለሽም” እየተባለች በምትጠየቅ ደሴት ላይ፣ ቃሉ ከባድ ነው።

በየካቲት 2021 መጨረሻ ቻይና ተባይ ተገኘ ብላ ከመጋቢት 1 ጀምሮ የታይዋንን አናናስ እንደማትቀበል አስታወቀች። ወደ ውጭ ከሚላከው ከ90 በመቶ በላይ የሚሄደው ወደዚያ ነበር። ያን ጊዜ ታይዋን ውስጥ አናናስ መግዛት ዜግነት የመግለጫ ያህል ሆነ፤ “የነፃነት አናናስ” ተባለ፣ ምግብ ቤቶች ሩዙም ሾርባውም ውስጥ ጨመሩት፣ ጃፓን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ገዛች። በነሐሴ 2022 ቻይና ከብዙ የታይዋን ምግብ አምራቾች መግዛት ስታቆም ኬክና ብስኩት ጋጋሪዎችም ነበሩበት። ኬክ ላይ የተለጠፈው “የአገሬው” የሚል ቃል በእነዚያ ወራት ከገበያ ቃል አልፎ ነበር።

ስለዚህ ሰው “የትኛውን ይዤ ልምጣ?” ሲለኝ ሁለቱንም እላለሁ፤ አንድ ካርቶን ከዱባው፣ አንድ ካርቶን ከኮምጣጣው። ለጾመኛ ደግሞ የፊኒክስ ዐይን፤ እሱ ከስብ ነፃ ነው። የሚቀበለው ሰው “ባህላዊው የቱ ነው?” ካለ፣ “የስንት ዓመተ ምሕረቱን ነው የምትፈልገው?” በሉት።